ፖሊሱ ያልጠየቀው

ሲያትል፣ ቅዳሜ ጥቅምት 12፣ ከሰዓት

ዛሬም በማኅበራችን አዳራሽ ለአረጋውያኑ ፊልም አሳየሁ፤ እንደ ወትሮው ቆሜ እየተረጎምሁ። የድሮ የእንግሊዝ ፊልም፣ ጥቁርና ነጭ። ማንንም አያጣላም ብዬ የመረጥሁት። መሣሪያ የሚሸጡ ባለጸጎች ሁለት አገሮችን ለማዋጋት ያሤራሉ፤ አንዲት ጋዜጠኛ ትደርስባቸዋለች፤ በመጨረሻ ፖሊስ ይይዛቸዋል። ጋሽ ታደሰ፣ ከሴራው ይልቅ የጋዜጠኛዋ ባርኔጣ ያስፈራል ብለው አዳራሹን አሳቁ።

ከጎረቤት ከተማ ከኬንት በአውቶቡስ የሚመጡት እትዬ ብዙነሽ አልሳቁም። ልጃቸው የሞተው በድንበሩ ጦርነት ነው። መብራቱ ሲበራ፣ የእኛንስ ጦርነት እነማን አሤሩት ብለው ጠየቁኝ። ፊልሙ ልብ ወለድ መሆኑን፣ የጦርነት መንስኤ ብዙ መሆኑን፣ ያለ ማስረጃ መናገር እንደማይገባ አስረዳሁ። በቅደም ተከተል።

"አንተ ዳኛ ብትሆን ኖሮ ሁሉም በነጻ ይለቀቅ ነበር" አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ቅዳሜ ጥቅምት 19

እትዬ ብዙነሽ አልመጡም። ጋሽ ታደሰ፣ "ዶክተር፣ ክላስ አስተምረህ አባረርሃቸው" አሉ። ቀልድ ነው። አይደለምም። መልሴን ደጋግሜ መረመርሁት፤ ስሕተት የለበትም። የጠየቁኝ ግን ትምህርት አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለአንተ ብቻ ነው፣ ማስታወሻዬ።

ረቡዕ ጥቅምት 23

ለእትዬ ብዙነሽ ደወልሁ። ራሳቸው አነሡ። ደኅና ነኝ፤ እሑድ ፊልሙን ይዘህ ና፤ ማስረጃህን እዚያው ተወው አሉኝ። ዘጉት።

እሑድ ጥቅምት 27

ኬንት። ዝናብ። የይቅርታ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስጀመሩኝም። የመጨረሻውን ብቻ ክፈት አሉ፤ ሰዎቹ የሚያዙበትን። ከፈትሁ፤ ተረጎምሁ። ድገም አሉ። ደገምሁ።

ፖሊሱ ለምን እንዳደረጉት አይጠይቃቸውም? አሉኝ። አይጠይቅም አልሁ።

"እንግዲያው አንተ ጠይቅልኝ።"

በትርጉም ላይ አንድ ቃል ጨምሬ አላውቅም። እንደማይገባ ላስረዳ ነበር። ተውሁት። እንደገና ከፈትሁ፤ ፖሊሱ ገና አፉን ሲያላቅቅ፣ "ልጆቻችንን ለምን አስጨረሳችሁ?" አልሁ።

እትዬ ብዙነሽ ወደ ኮምፒውተሩ ማያ ተጠጉ። የባለጸጎቹ አለቃ ኮቱን ቆለፈ፤ ወደ በሩ ዞረ። መልስ ልፈጥርለት እችል ነበር። አልፈጠርሁለትም።

"ዝም ብሎ ሄደ?"

"ዝም ብሎ ሄደ፣ እትዬ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህንን አመኑኝ። ቅዳሜ መጥቼ ልወስዳቸው ተስማማን።