ባለ ስድስት ሲዲው ሣጥን

ጥር 2

ጥፋተኛው ደረሰ ነው። የሟች እኅቴ ልጅ፣ ያሳደግሁት፣ ሚኒባሴን የሚነዳው። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሰባት ሰው ብቻ ጭነን ወጣን። የተፎካካሪዬ የሀብትነሽ መኪና ላይ ሰው በመስኮት ሊገባ ምንም አልቀረው። ለምን? የእሷ መኪና ይዘፍናላ። የእኛ ቴፕ ካሴት መብላት ከጀመረ ወር አለፈው። ዛሬማ ክሩን እንደ ፓስታ ጎትቶ አወጣው።

«ምን አደረግኸው?» አልሁት።

«አርጅቶ ነው እትየ።»

አርጅቶ ነው አለ... ዓይን ዓይኔን እያየ።

ጥር 5

ቡሬ፣ ገነነ ሱቅ። ዕቃ መረጥን። መረጥሁ ማለት ይሻላል።

ደረሰ ፍላሽ የሚባል ነገር ካልገዛን ብሎ ሙጭጭ አለ። ጣት የምታህል ነገር። «መቶ ዘፈን ትይዛለች እትየ።» ጣት የምታህል ነገር ኪስ ውስጥ ትጠፋለች። ደግሞ ዘፈኑ የታለ? አይታይ፣ አይቆጠር።

ገነነ ሌላ አወጣ። ስድስት ሲዲ የሚውጥ የብረት ሣጥን። መሳቢያ አለው፣ ስድስቱን ደርድሮ ይገባል። ሣጥኑ ከኋላ ወንበር ሥር ይታሰራል። ጋቢና ተቀምጦ በሪሞት ቁጥር መንካት ነው፣ ማሽኑ ራሱ ይቀያይራል። ባለ አስርም ነበረው። አስሩን ማን ይሰማዋል? ቡሬ እስክንደርስ ሁለቱም አያልቅ።

«እማማ ዕቃ ያውቃሉ» አለ ገነነ። እማማ ያለውን አልወደድሁለትም። ዕቃ ያውቃሉ ያለውን ወደድሁ።

ኋላ ስሰማ ያችን ሣጥን ለሁለት ዓመት የሚገዛው አጥቶ ኖሯል።

ሪሞቱ እኔ ዘንድ ነው።

ጥር 6

በሃምሳ አንድ ዓመቴ የቆጠርሁት ፊደል ዛሬ ሥራ አገኘ። የቁስል ፕላስተር ገዛሁ፣ በመቀስ ቆረጥሁ፣ በእስክሪብቶ ጻፍሁ፣ ሲዲዎቹ ላይ ለጠፍሁ። 2 ባህል። 3 በገና። 4 መዝሙር። እንዲህ እያልሁ እስከ 6። 1 የሰርግ ነው፣ ከፋብሪካው ስለተጻፈበት ተውሁት።

ደረሰ መጥቶ አየ። «እትየ፣ እላዩ ላይ ባይለጥፉበት። ልባሱ ላይ ይጻፉት።»

«ከልባሱ ከወጣ በኋላ በምን ላውቀው ነው?»

ራሱን እያከከ ወጣ። ገባኝ። የሚከፍተውን እንዳላውቅበት ነው።

ጥር 20

መኪናው ይሞላል። የሰርግ ኮንትራት ሦስት። ማንኩሳ ላይ ሙሽራዋ ራሷ «ቁጥር አንድን ድገሙልን» አለች። ነካሁላት። ሀብትነሽ መናኸሪያ ቆማ አየችኝ። እንደ ተኮሳተረ ፊቷ ደስ የሚል ነገር ካየሁ ቆይቻለሁ።

የካቲት 3

ለደረሰ ሽማግሌ ልከናል። ሽንዲ፣ አቶ ዳኘው ቤት። ልጅቱ አደይ ትባላለች። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው «እናስብበት ብለዋል» አሉ። ጥሩ ነው። እምቢ ያለ ሰው አያስብም። ደረሰ ሦስት ቀን ሙሉ ሲነዳ ፈገግ ይላል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እናት የለው፣ አባት የለው። ይህች ልጅ ካመለጠችው ሌላ የሚያይ አይመስለኝም።

የካቲት 11

ሣጥኑ አንዳንዴ ቂርር ይላል። «ምን አስነካኸው?» አልሁት። «ሙቀት ነው መሰለኝ።» እሱ ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

የካቲት 16

የአቶ ዳኘው እናት አርፈው የዕድር ሴቶችን ጭነን ለቀብር ሽንዲ ሄድን። አሥራ አራት ነጠላ ዘቅዝቀን።

መንገዱን በዝምታ ሄድን። ለቀስተኛው የተቀመጠበት ዳስ ሲታይ አንድ ነገር አሰብሁ። እነዚህ ሰዎች ልጃቸውን ለእኛ ሊሰጡ ነው። የምንሰማው ዳንኪራ ብቻ እንዳይመስላቸው። በገና እያሰማን ብንገባ... ሪሞቱን አወጣሁ። ሦስት ነካሁ።

ቂርር አለ። ከዚያ እልልታ። ከበሮ። ሙሽራዬ፣ ሙሽራዬ።

የተሳሳትሁ መስሎኝ እንደገና ሦስት ነካሁ። እንደገና ሙሽራዬ። አራት ነካሁ። ሙሽራዬ። በድንጋጤ ድምፁን ልቀንስ ብዬ ጨመርሁት። ደረሰ ሞተሩን ሲያጠፋ ነው ጸጥ ያለው። መኪናው ዳሱ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። አስለቃሿ አፏን ከፍታ ቀርታለች። አቶ ዳኘው ቀና ብለው አዩን፣ እኔን ሳይሆን መሪውን የያዘውን።

የካቲት 18

መልስ መጣ። «እናቴ አፈር ሳትለብስ ሰርጉን ይዞልኝ ለመጣ፣ ልጄን አልሰጥም።»

ደረሰን ጠራሁት። «ሲዲዎቹን ማን አቀያየራቸው?» አልሁ። ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል የሚል ሰው እንኳ አጣሁ። «ቁልፉን አስቀምጥ» አልሁት። ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 27

ደረሰ የሀብትነሽን መኪና ይነዳል አሉ። ይንዳ።

መጋቢት 8

ቡሬ፣ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ዘሩ ዘንድ። ሣጥኑን ፈትቶ ሳቀ። አምስቱ ሲዲ ከነመሳቢያው እንደ ማር እንጀራ ተጣብቀዋል።

«ፕላስተር የለጠፈ ማን ነው? መኪናው ፀሐይ ላይ ሲውል ሙጫው ይቀልጣል። ማሽኑ ሦስትን ቢጠሩት ሦስት አይወጣ፣ አራትን ቢጠሩት አራት አይወጣ። አንድ ብቻ ነጻ ነው። ስለዚህ አንድን ይደጋግማል። ምን ያድርግ?»

አንዱን በጉጠት ላጦ ፀሐይ ላይ ዘረጋው። 3 በገና። «ጽሕፈቱስ ያምራል። የማን ነው?»

የቆመው ሰው ሁሉ አየኝ።

«የሹፌሬ ነው» አልሁ።

መጋቢት 9

የሹፌሬ ነው አልሁ።

መጋቢት 14

ሽንዲ ሄድሁ። ብቻዬን፣ በሰው መኪና። ከአቶ ዳኘው ደጅ ሳልደርስ ከመንገድ ዳር ድንጋይ መረጥሁ፣ እንደ ወጉ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ገባሁ። ቀለል ያለ ነበር የመረጥሁት። እዋሻለሁ እንዴ እዚህ ላይ?

አቶ ዳኘው ሮጠው ወጡ። «ምነው እትየ እናትነሽ፣ በጾም ምድር? ያውርዱት፣ ይተውት።»

«ሳልናገር አላወርድም» አልሁ። ተናገርሁ። ፕላስተሩን፣ ሪሞቱን፣ ዘሩ ፊት የዋሸሁትን። ረጅም ነው፣ ሁሉንም ቆመው ሰሙኝ።

ባለቤታቸው እጅጉ በር ላይ ሆና «አማቴ እኮ ነፍሳቸውን ይማርና ዘፈን ይወዱ ነበር። ትንሽ ቢቆይ ተነሥተው ይመርቁን ነበር» አለች።

«ዝም በይ አንቺ» አሉ አቶ ዳኘው። ጢማቸው ግን ተነቃነቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጁ ግን ለምን እንዲህ አላለንም? መጥቶ ነበር እኮ። በሰልስቱ ማግስት። ‹ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሳዳጊዬ አያውቁም፣ በእሳቸው አትቀየሙ› ብሎ እግሬ ላይ ወድቆ ሄደ።»

ድንጋዩን ወሰዱልኝ። ካወረዱልኝ በኋላ ነው የከበደኝ።

መጋቢት 16

መናኸሪያ። ደረሰ የሀብትነሽን መኪና ያጥባል።

«የፕላስተሩን ነገር ለምን አልነገርኸኝም?»

«ነግሬዎት ነበር እኮ እትየ።» እንደ ቂም አልተናገረውም። ጎማውን እያጠበ ነው።

ቁልፉን ዘረጋሁለት። «ለእትየ ሀብትነሽ ቃል ሰጥቻለሁ» አለ። እትየ ሀብትነሽ... እሷም እትየ ሆነች። ቁልፉን ወደ ኪሴ መለስሁ። ሦስት ጊዜ ያህል «ይቅር በለኝ» ልል አፌን ከፈትሁ። ያልሁት «ዳቦ ልስጥህ?» ነው። ተቀበለኝ።

ሚያዝያ 22

ከሽንዲ ሰው መጣ። አቶ ዳኘው እሺ ብለዋል። ያለ ዘፈን ይሁን፣ ሐዘን ላይ ነን ብለዋል። ለዚህ ሠርግ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ግንቦት 14

ሠርጉ ካለፈ አሥራ አንድ ቀን። ለእኔ መኪና ምስክር የሚባል ሌላ ሹፌር ቀጥሬያለሁ። ደህና ይነዳል፣ አያወራም። እኔ ግን ዛሬ ቡሬ የሄድሁት በሀብትነሽ መኪና ነው፣ ተሳፋሪ ሆኜ፣ ሒሳቤን ከፍዬ። ጋቢናው ላይ አደይ አለች፣ እናቷን ልትጠይቅ። እኔ ከኋላዋ።

ደረሰ ያችን ጣት የምታህል ነገር ሰካና ከማንኩሳ ጀምሮ አንድ ዘፈን ሦስት ጊዜ አስደገመ። የሚጮኽ፣ ግጥም የሌለው። አደይ ራሷን ትነቀንቃለች። እሱ እሷን እያየ ይነዳል፣ መንገዱን ቢያይ ደግ ነበር።

«እትየ፣ ልቀይረው?» አለኝ በመስታወቱ።

«ለእናንተ እንደጣማችሁ» አልሁ።

ዘፈኑ መጥፎ ነበር፣ እዚህ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ። ለእሱ ግን ከእንግዲህ ይህን ክፈት፣ ያን ዝጋ አልለውም።