ወይዘሮ ቺዩ ከጀልባው ላይ የሰጡት መልስ

ለተከበሩ የረጅም ዘመን ወዳጄ ለጓድ ሼን፤

ሃርቢን በበረዶ እንደ ተሸፈነች እገምታለሁ፤ እዚህ በደቡብ፣ በሊ ወንዝ ጀልባ ላይ ግን አብረውኝ የሚጓዙት ጡረተኞች ወይዛዝርት ቀያይ ሻርፓቸውን ለነፋስ እየለቀቁ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ዛሬ ጠዋት ከእነርሱ አንዷ ለሆኑት ለወይዘሮ ቺዩ ልጃቸው ደወለ። «እማዬ፣ ሞግዚቷ ጥላን ሄደች፤ ነገውኑ ነይልን» ብሎ ዘጋ። ወይዘሮዋ ሻርፓቸውን ማጣጠፍ ሲጀምሩ ጓደኛቸው አላስቻላቸውም።

«አንቺ መች ጡረታ ወጣሽ? ከፋብሪካ ወደ ልጅሽ ማጀት ተዛወርሽ እንጂ!»

ወይዘሮ ቺዩ እየሳቁ መልሰው ደወሉ። «ልጄ፣ ሕፃኑን ሳምልኝ። እኔ እግሬ ሳይከዳኝ ይህን ወንዝ ልየው፤ አንተም እስከ እሑድ አባትነትን ተለማመድ።» ጀልባው በሳቅ ተናጋ።

እኔም ወዲያው እርስዎን አሰብሁ። የልጅ ልጆችዎን ምን ያህል እንደሚወዱ፣ ቀኑንም ሙሉ እርስዎ እንደሚጠብቋቸው አውቃለሁ። ዳሩ ግን ሁለታችንም እያረጀን ነው፤ ያለ እርስዎም መንገዱ ጭር ይልብኛል። በጸደይ ወደ ዩናን በሚሄደው ባቡር፣ ለጉልበትዎ እንዲመች የታችኛውን አልጋ ለእርስዎ አስይዛለሁ።

ለባለቤትዎ ጥልቅ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ ልጆቹንም ይሳሙልኝ። ደብዳቤ ትቼ ፖስት ካርድ የመረጥሁት፣ ከፖስታ ሣጥኑ የሚያወጣው ልጅዎ ከእርስዎ አስቀድሞ እንዲያነበው ነው።

አክባሪዎ፣
ፌንግ ሩይዠን