ማገጃውን አስገብተው ማለፊያውን ላስከፈቱልን ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ አቶ ደሳለኝ፣ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
መርሳ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ጣቶችዎስ ደህና ናቸው? ሰሞኑን ብዙ ስለደከሙ አስቤላቸው ነው። እኔ የወላጅ ኮሚቴዋ አለሚቱ፣ ተመስገን፣ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከማክሰኞ ወዲህ ሳቄ አልቆም ብሎኛል፣ የሳቅ ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፦

፩. በኮምፒውተሮቹ ላይ ጨዋታ እንዳይከፈት ማገጃ አስገብቻለሁ ብለው በስብሰባ ፊት ቃል ስለሰጡን አመሰግናለሁ። ያን ቃል ይዤ ነው ጎረቤቴ ዘይነባ ደጅ ሄጄ፣ ልጇ ናጅዋ ከትምህርት በኋላ እየቆየች ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር እንድትለማመድ ዋስ የሆንኩት። ዋስነት ምን እንደሆነ ለእርስዎ፣ ለውርጌሳ ልጅ፣ አላስተምርም።

፪. ማክሰኞ በኮሚቴ ተራዬ የኮምፒውተር ክፍሉን ልጥረግ ብዬ ብገባ፣ ተማሪው ሁሉ ስክሪን ላይ መኪና ይነዳል፤ አንዱ ይጋጫል፣ ሌላው ያጨበጭባል። ማገጃውን በምን አለፋችሁት ብላቸው፣ ቪፒኤን የሚሉት ማቋረጫ እንዳለ፣ ሄኖክ የተባለው ተማሪ መጀመሪያ የከፈተውም በእርስዎ ቢሮ፣ ለእርስዎ መጫወቻ እንደሆነ እየተሻሙ ነገሩኝ። ከዚያማ ለሁሉም ተዳረሰ፤ ቸርነትዎ ብዙ ነው። በነጥብ ሰንጠረዡም አንደኛ «ዳይሬክተሩ» ይላል፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

፫. ማገጃው አይሠራም ብዬ ደግሞ አላማዎትም። በትጋት ይሠራል፤ የዘጋው ግን የፈተናውን መለማመጃ ነው። ጥግ ላይ አንዲት ልጅ «አይፈቀድም» በሚል ገጽ ላይ አፍጥጣ ተቀምጣለች። ናጅዋ ነበረች። እናቴን አልዋሽም ብላ ማቋረጫውን ሳትነካ ሦስት ሳምንት እንዲሁ ተቀምጣለች።

ዘይነባ «ልጆቹ የሚቆዩት ለጨዋታ ነው» የሚለውን ወሬ ስትሰማ ልጇን አስቀረቻት። «አለሚቱ፣ በአላህ፣ ልጄን ያስቆየሽብኝ ለዚህ ነው?» ስትለኝ መሬት ጠበበችኝ። የተጫወቱት እንደተቀመጡ ናቸው፤ የወጣችው ያልተጫወተችው ናት። ፈተናው አንድ ወር ቀርቶታል፤ በሰፈራችን ደግሞ ኮምፒውተር ያለው ቤት የለም።

ስለዚህ እስከ ሰኞ መለማመጃውን ከፍተው፣ ዘይነባ ደጅ ራስዎ መጥተው እውነቱን እንዲነግሩልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ዋሷ እኔ ብሆንም ቃሉ የእርስዎ ነው።

ቃልዎን እንደ ራሷ ቃል ተሸክማ በጎረቤት የዞረች አክባሪዎ፣
አለሚቱ

ማስታወሻ፦ ልጆቹ «እትዬ፣ ይሞክሩት» ቢሉኝ ሞከርኩት፤ ደስ ይላል፣ አልፈርድብዎትም። ደብዳቤ ባያነቡ እንኳ ሰንጠረዡን አይስቱትምና፣ አንደኛ ላይ «ናጅዋን ይመልሱ» የሚል ስም ያገኛሉ። እኔ ነኝ። እርስዎ ሁለተኛ ወርደዋል።