ለቅመን የጣልናቸው ደቃቆች

ኅዳር 3
ዛሬም ግሪንሃውስ። የእንጦጦ ነፋስ ፕላስቲኩን ሲያርገበግበው ዋለ። እሸት ባቄላ እየፈለፈልኩ የፍሬውን ቆዳ ባለ መርፌዋ መሣሪያ ስጫን ዋልኩ... ቆዳው ምን ያህል እንደጠነከረ ትናገራለች።

የመመረቂያ ጥናታችን አማካሪ ዶክተር ያዕቆብ ብቅ አለ። (አንቱታው ፊት ለፊት ይበቃዋል።) "ከውስጥ ግፊቱ በበዛ ቁጥር ፍሬው ይተልቃል፤ በቃ!" ፊኛ መሰለው እንዴ? ቆዳውን የሚለጥጠው የውስጡ ግፊት ነው፣ እሺ። ግን ቆዳው ሲገፋ ይጠነክራል፤ ሲጠነክር ደግሞ እድገቱ ይቆማል። አብራኝ የምታጠናው ሩታ ቦርሳውን ተቀብላ "ልክ ነዎት ዶክተር" ትላለች። ካስነጠሰ እንኳ ማስታወሻ ትይዛለች። ኤጭ!

ኅዳር 9
ጉድ እኮ ነው! ሩታ እሸቱን ሰፌድ ላይ ዘርግታ ትለቅማለች።
"ምን እያደረግሽ ነው?"
"ደቃቆቹን እያወጣሁ ነዋ። ሳይለቀም ይመዘናል እንዴ?"
ወጥ ልትሠራ ነው? ቆዳቸው ቶሎ ጠንክሮ እድገታቸው የቆመው እነዚያ ደቃቆች ናቸው! ጥናቱ ማለት እነሱ ናቸው! አስረዳኋት። መልቀሟን አላቆመችም።

ለዶክተሩ ነገርኩት። ሳቀ። "የታመሙ ናቸው፣ ይጣሉ። ውጤቱ አምሯል። ሰርካለም፣ ዘንድሮ መመረቅ አትፈልጊም?" ይሄን ሰው ማን ዶክተር አለው?... ደቃቆቹ በፌስታል ተቋጥረው በር ሥር ተቀመጡ።

ኅዳር 12
ሚካኤል። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ኅዳርን ያጥናል። ጥበቃው ጋሽ ዳኜ ፌስታሉን ከደረቁ ቅጠል ጋር አነደዱት። ቆሜ እያየሁ። "ተዉ ጋሼ" ማለት እችል ነበር... መመረቅ እፈልጋለሁ።

ኅዳር 20
ጥናቱን ለገምጋሚዎች አቀረብን። ዶክተሩ ከረባት አስሮ፣ አገጩን ቀና አድርጎ... አቤት ኩራት! ፕሮፌሰር ሙሉእመቤት መነጽራቸውን አውልቀው እኔን አዩኝ።
"ፍሬው ሁሉ ተለቀ? ትንንሾቹስ የት ሄዱ?"
ዶክተሩ አሳለ። እኔ ላፕቶፑ ላይ አፈጠጥኩ።

ሩታ ተነሳች። "እኔ ነኝ ለቅሜ የጣልኳቸው። ሰርካለም ነግራኝ ነበር... ሲገፋ ቆዳው ይጠነክራል፣ እድገቱን የሚያቆመው ያው ግፊቱ ነው ብላኝ ነበር። ልክ እሷ ናት።"

ያቺ ቦርሳ ተሸካሚ! እኔስ? ምላሴን ምን ያዘው?

ኅዳር 24
እንደ አዲስ ዝሩ ተባልን። ምርቃት ለከርሞ። ፕሮፌሰሯ ደውለው "ሐሳቡ ያንቺ ነው አሉ፣ ጎበዝ" አሉኝ። ዶክተሩም "የኔ ጎበዝ" ማለት ጀምሯል። አያፍርም እኮ!

ጠዋት ግሪንሃውስ ስደርስ ሩታ ብቻዋን ትዘራለች።
"ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?" አለችኝ።
"ፈራሁ።"
ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ዶክተሩን በማይበት ዓይን ነው ያየችኝ። ከዚያ መዝራቷን ቀጠለች።