ሦስት ጊዜ የጠቀሰው ድብ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? የድድህ ቁስል ተሻለህ ወይ? ያለህበት ቦታ ይሞቃል ወይስ ይነፍሳል? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ልዋሽህ ነበር፤ አንተ ግን ውሸቴን ከእጅ ጽሑፌ ታውቀዋለህ። ትንሿ እህታችን "አያ ድብ መቼ ነው የሚመጣው?" እያለች ትጠይቃለች። አከራያችን ሳትቀር ስምህን እያነሳች ታለቅሳለች። እማዬ እህል አልቀመሰችም። አክስታችን ትናንት እማዬንና ትንሿን ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው፤ እኔ ለትምህርቴ ስል ቀረሁ።

ተናድጄብሃለሁ። ለሱቁ ማስታወቂያ የድብ ልብስ መልበስ ስትጀምር፣ ድቡን የሚያንቀሳቅሰውን የላስቲክ ማብሪያ አፍህ ውስጥ ስትገጥም ሽቦውን የያዝኩልህ እኔ ነኝ። እጅህ በወፍራሙ መዳፍ ስለሚታሰር በጥርስህ ስትነክሰው የድቡ ዓይን ይጠቅሳል፣ በምላስህ ስትገፋው አፉ ይከፈታል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከጠቀስክ ግን "ታፈንኩ፣ አውጡኝ" ማለት እንዲሆን አጠገብህ ከሚቆመው አጃቢህ ጋር ተስማማን። ጭንቅላቱ ከኋላ በቀበቶ ስለሚታሰር ራስህ አትፈታውም።

ታዲያ ለምን መጫወቻ አደረግከው? አንድ ቀን ተሳስተህ ሦስቴ ብትነክስ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ባለሱቁ "እቺን ድገማት" አለህ፤ ደገምካት። ለእውነተኛው መታፈን ሌላ ምልክት እናበጃለን አልከኝ። ዛሬ ነገ ስትል ቀረ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ በር ላይ ቆሜ አየሁህ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠቀስክ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ደግመህ ጠቀስክ። አጃቢህ "ዛሬስ አያ ድብ ነሽጦታል" አለኝ። ሳቅኩ። ወንድምዬ፣ እኔም አጨበጨብኩ። በጉልበትህ ስትወርድ እንኳ እጅ የምትነሳ መስሎን ነበር። ጭንቅላቱን ስንፈታው ትንፋሽህ የለም።

ባለሱቁ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ "ምልክት ቢሰጥ ኖሮ እናወጣው ነበር እኮ" አለ። እማዬ ወደ እኔ ዞራ "አንተ እዚያው ነበርክ አይደል? ምልክት አልሰጠም?" አለችኝ። አልሰጠም አልኳት። ሰውየው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

የዛሬው ጠዋት ብቻዬን ያነጋሁበት የመጀመሪያው ነው። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ፤ እግሬ ግን አክስታችን ቤት ወሰደኝ። እማዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። "ሰጥቶ ነበር እማዬ፣ ሁለት ጊዜ። እኔም አጨብጭቤለታለሁ" አልኳት። ቀና ብላ አላየችኝም። ኋላ "ይህንኑ ባለሱቁ ፊት ቆመህ ትናገራለህ" ብላ በእግሯ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። ጎንበስ ብዬ አቀበልኳት።

ታናሽህ
ከኪራይ ክፍላችን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ