ለወንድሜ ምንም ያልተውኩበት ምክንያት

ዛሬ ረቡዕ፣ ሰኔ አሥራ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ በመኖሪያ ቤቴ ሳሎን ትራስ ተደግፌ ይህን የኑዛዜ ቃል እሰጣለሁ። እኔ በጡረታ የተሰናበትኩ የማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃድ ኃላፊ ነኝ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን ገና ከሥራ አልቀረም። ለዚህም ፋርማሲስቷ ጎረቤቴ ዋቢ ናት፤ የመድኃኒቱን አዲስ ዋጋ ስትነግረኝ ስጮህ ሰምታ «አእምሮዎስ ሙሉ ነው» ብላለች። ያስገደደኝም የለም። በዘመኔ ሊያስገድዱኝ የሞከሩት ሁሉ ደክሟቸው ትተውኛል።

ቃሌን የምትጽፈው የቀድሞ ጸሐፊዬ ናት። እሷ፣ ፋርማሲስቷና ፀጉር አስተካካዬ ምስክሮቼ ናቸው። ሕጉ አራተኛ ሰው ይፈልጋል፤ ለዚያም ታናሽ ወንድሜን አስጠርቻለሁ። ከተኳረፍን ብዙ ዘመን ሆኖናል፤ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ሌላ ሰው እንጥራ ቢሉኝ እምቢ ብያለሁ፤ እሱ ካልመጣ ኑዛዜው ጎደሎ ሆኖ ይቅር። ልጆቼን ወደ ግቢ አስወጥቻቸዋለሁ፤ በወራሽ ፊት የሚነገር ቃል ይለሳለሳልና።

አንደኛ፦ ይህ ቤት ለሴት ልጄና ለወንድ ልጄ እኩል ይሁን።

ልጄ ሆይ፣ ዛሬ እኔ በተነሣሁበት የፈቃድ ኃላፊነት ወንበር ላይ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ትንሽ ሳለሽ አንድ ሥራ ተቋራጭ እኔ በሌለሁበት አንድ ቅርጫት ብርቱካን ለእናትሽ ሰጥቶ ሄደ። ልመልስ ስነሣ አንዱን ልጠሽ በልተሽ ኖሯል። ገበያ ወርጄ አንድ ብርቱካን ገዝቼ ተካሁና ቅርጫቱን ለባለቤቱ አስረከብኩ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ሌላዋ በባሏ ሥልጣን ቤት ትሠራለች፤ የእኔው ባል ብርቱካን ያመላልሳል!» ብላ ሠፈሩን በሳቅ ጨርሳዋለች። አስታውሺ፤ እጅ መንሻ «ጉቦ ነኝ» ብሎ በር አያንኳኳም። «ለልጆቹ ነው» ብሎ ነው የሚገባው።

ሁለተኛ፦ በመንገድ በኩል ያለው ክፍል ለወንድ ልጄ ከድርሻው ይታሰብለት። ልብስ ሽጥበት፣ ጫማ ሽጥበት፤ እህትህ ፈቃድ ሰጪ እስከሆነች ድረስ ግን የምትነግደውን ሲሚንቶ ወደዚህ እንዳታመጣ። ባለጉዳይ ከእህት ቢሮ ወጥቶ «ከወንድሟ ካልገዛሁ ይበላሽብኛል» ብሎ መስጋት የለበትም። ደግሞም ዋጋህ ውድ ነው።

አንቺም የወንድምሽ ጉዳይ ከቀረበ ዝምድናሽን አስታውቀሽ ከስብሰባው ውጪ። ድምፅሽን ብቻ ሳይሆን ፊትሽንም ይዘሽ ውጪ፤ በጥቅሻም ፈቃድ ይሰጣልና።

ሦስተኛ፦ ሬዲዮኔን ለፀጉር አስተካካዬ ላወርስ አስቤ ነበር። ምስክር ከኑዛዜው መጠቀም ስለማይችል ቀርቶበታል። «አባባ፣ ቀደም ብለው ቢነግሩኝ እኮ ሌላ ምስክር እፈልግልዎ ነበር!» ብሏል። «እሺ ለባለቤቴ ይስጧታ» ሲል ጸሐፊዬ በሳቅ ብዕሯን ጣለች። ለሚስት ሰጥቶ ለባል አልሰጠሁም የሚለውን ጨዋታ ቢሮ ሳለሁ ጠግቤዋለሁ። ሬዲዮኑ ለጤና ጣቢያው ተራ መጠበቂያ ክፍል ይሁን።

እዚህ ላይ ወንድሜ ገባ። ጫማው ላይ ዱቄት አለ፤ ዳቦ ቤቱን እንዳለ ትቶ መምጣቱ ነው። የተባባልነው ሳይቀነስ እንዲጻፍ አዝዣለሁ።

የጠባችን ነገር እንዲህ ነው። ዳቦ ቤቱ ላይ ፎቅ ልጨምር ብሎ ማመልከቻ አስገባ። ጉዳዩ ሲቀርብ «ወንድሜ ነው» ብዬ ከስብሰባው ወጣሁ። የቀሩት ደግሞ መሠረቱ አይሸከምም ብለው ከለከሉት።

«ጋሼ፣ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል» አለኝ ገና ከበሩ። «ሰው ወንድሙን ያስገባል፤ አንተ ጭራሽ ራስህ ወጣህ!»

«ወጣሁ። ዛሬም ቢሆን እወጣለሁ።»

«ታዲያ ለምን አስጠራኸኝ? ልታወርሰኝ ነው?»

«ምንም አልተውኩልህም።»

ፋርማሲስቷን የምትጠጣው ውሃ ትን አላት። ወንድሜ ወደ በሩ ዞረ።

«ስማኝ እንጂ!» አልኩት። «አንዲት ማንኪያ ብተውልህ ምስክሬ መሆን አትችልም። ንብረት የምሰጠው ሰው አላጣሁም። አጠገቤ የሚቀመጥ ወንድም ነው ያጣሁት። ናፍቀኸኛል።»

ከበሩ ተመለሰ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ» አለኝ። «አንተን የቆጨህ የለም?»

«ዳቦህ። ከሌላ ሠፈር የማስገዛው እንጨት እንጨት ይላል።»

ሳቀና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ዱቄቱ ፊቱ ላይ ቀረ። እኔም ያው ሆኛለሁ፤ ጸሐፊዬ ይህን ልዝለለው ብትል ከልክያታለሁ።

ሌላ የምናገረው የለኝም። ቃሌ በአራቱም ፊት ተነቦልኝ፣ የእኔው መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ (ፊርማ)

ጸሐፊና ምስክር፦ እንደሰማሁት ጽፌ ፈርሜአለሁ። (ፊርማ)

ፋርማሲስት፦ አእምሯቸው ሙሉ መሆኑን አይቻለሁ፤ ምላሳቸውም እንደዚያው። (ፊርማ)

ፀጉር አስተካካይ፦ ሬዲዮ እንዳልደረሰኝ ተረድቼ ፈርሜአለሁ። (ፊርማ)

ታናሽ ወንድም፦ ምንም አልደረሰኝም። ይህ ወረቀት ቶሎ እንዳይከፈት ፈጣሪን እለምናለሁ፤ ገና የምንጣላበት ብዙ ነገር አለን። (ፊርማ)