የአንደኛ ሚዜ ጀርባ

መስከረም 20

በታላቅ ኀዘን የሚነገር ዜና። ጥቁሩ የክት ሱሪዬ ዛሬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ባለቤቱን ከዓመት ዓመት በትዕግሥት ሲችል ኖሮ፣ ከኋላ በኩል ከወገቡ እስከ ጭኑ ተተርትሮ ነው ያረፈው። ለወዳጅ ዘመዶቹ መጽናናትን ይስጥልን። ቀብር የለም። እማ ለባጃጅ መወልወያ ይሆናል ብላለች።

አሟሟቱ ግን የክብር ነው። ሊያገባ የተቃረበው ጓደኛዬ ባየህ አንበሳሜ ወስዶ ከአጎቱ ከአያ መንግሥቴ ጋር አገናኘኝ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሠርጉንም የሚደግሱለት እሳቸው። "አያ፣ አንደኛ ሚዜዬ ዓለምነህ ይሄ ነው" አላቸው። እኔም ጨዋ ልምሰል ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል... ጠርርር። ግቢው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ መጫራቸውን የተዉ መሰለኝ።

አያ መንግሥቴ፣ "ሙሽራዪቱን የሚያዝላት ይሄ ነው?" አሉ። እኔን አይደለም፣ ባየህን ነው የጠየቁት። እኔማ እንደጎነበስኩ ነኝ። በምን ፊቴ ቀና ልበል?

መስከረም 21

ሳቁ አለፈ። ነገሩ ግን አላለፈም።

እኛ ዘንድ አንደኛ ሚዜ ሙሽራዋን ከእናቷ ቤት አዝሎ ያወጣታል። ሳትሳፈር እግሯ መሬት ከነካ ገዱ ጥሩ አይደለም ይላሉ። ያዘላት ሰው ደግሞ ወንድሟ ሆኖ ይቀራል። ባሏ ሲያስከፋት የምትከሰው ለሱ ነው። የባየህ እጮኛ ሰርክ ትባላለች፣ ቤቷ ቁሐር ሚካኤል ነው። ከደጃፏ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ የሽንኩርት ማሳ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ሰፊ ቦይ አለ። እኔ ደግሞ ከባጃጄ ወርጄ ሱቅ እስክደርስ የማለከልክ ሰው ነኝ። ወረታ ውስጥ "ኩንታሉ" ሲባል ዞር የምለው እኔ ነኝ። ሌላው ባጃጅ ከሾፌሩ ጎን ሰው ይደርባል። የኔ ላይ ጎኑም እኔው ነኝ።

አያ መንግሥቴ ለባየህ ቁርጡን ነግረውታል። "ለገና ይምጣና ሰው አዝሎ ያሳየኝ። ካልቻለ የሻው ያዝላታል።" የሻው ሁለተኛው ሚዜ ነው። ሩዝ መፈልፈያው ቤት ጆንያ ይሸከማል። ሰርክን ተዋት፣ ቤቷን ነቅሎ ቢያመጣ የማይደንቀው።

ለየሻው ይሁን ብዬ ልተወው? ቀላል ነበር። ግን እህት የለኝም። ወንድምም የለኝም። እማና እኔ ብቻ ነን። ባየህ "እህት ልሰጥህ እኮ ነው" ሲለኝ፣ "ካልተስማማችኝ መልሰህ ትቀበለኛለህ?" ብዬ ቀለድኩበት። ማታ ግን "እህት" የሚለውን ቃል ለብቻዬ ስደጋግመው ራሴን ያዝኩት።

መስከረም 26

በያጁ ትዕዛዙ ጋ ሄድኩ። ከብየዳ ቤቱ ጓሮ ብረት የሚገፋበት ቦታ አለው። ጂም ይለዋል። ከተበላሸ ወፍጮ የተፈታ መዘውር፣ ሲሚንቶ የተሞላባቸው ጣሳዎች፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። በሬ እንደሚገዛ ሰው ዙሪያዬን ዞሮ አየኝ።

"ጥርሴንም ልክፈትልህ?" አልኩት።

"አፍህንስ ዝጋልኝ። ኩንታሉ የገባው በሱ በኩል ነው።"

ባዶ ዘንግ ትከሻዬ ላይ አኖረ። ቁጢጥ ብለህ ተነስ አለኝ። ቁጢጡ ሸጋ ነበር። መነሳቱ... ሰው ተጠራ።

መስከረም 27

መቀመጥ አልችልም። መነሳት አልችልም። ሽንት ቤት እንዴት ሄጄ እንደመጣሁ ለራሴም አልጽፈውም።

ጥቅምት 6

ብልጥ ሆኜ ነበር። እህል ጨርሶ ብተው ቶሎ እቀልላለሁ ብዬ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውኃ ብቻ። ዛሬ ብረቱ ሥር ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ትዕዛዙ ፊቴን በውኃ እያራሰ ነው።

"ማን አትብላ አለህ?"

"አፍህን ዝጋ ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

"ጾም እንኳ መግደፊያ ሰዓት አለው፣ አንተ ጅል። ያልበላ ክንድ ምን ያነሳል?"

ቁጭ አድርጎ መከረኝ። ለስላሳው ይቅር (በቀን ስንት ጠርሙስ እንደማወርድ እግዜር ይቁጠረው)። ዘይቱ ይቀነስ። እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን በደንብ ይበላ። ሩዝ አትንካ ሊለኝ ነው ብዬ ስጨነቅ ሳቀብኝ። "ፎገራ ተወልደህ? ብላ እንጂ። ክምሩን አፍርሰው ነው የምልህ።" እውነቱን ነው። የኔ ሳህን ላይ ሩዙ ጉና ተራራን ያክል ነበር።

ከዚያ ቤቱ ወስዶ ምስር በእንጀራ አበላኝ። ከሚስቱ ጋር እየሳቁብኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ጥቅምት 17

አላስቻለኝም። ባዶ ጣሳዎች ለቃቅሜ፣ አፋቸውን በጭቃ ደፍኜ፣ ሲሚንቶ የሞላባቸው አስመስዬ ዘንግ ላይ ሰካኋቸው። ባጃጅ ተራው ፊት በአንድ እጄ ወደ ላይ። ሰው ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ተራው ጋ ቆሎ የምትሸጠው ውባንቺ፣ "በስመ አብ፣ ይሄ ልጅ ምን በልቶ ነው?" አለች። ውዳሴ እንዲህ ይጣፍጣል? ነገም እደግመዋለሁ።

ጥቅምት 18

ደገምኩት። አልተነሳም። በሁለት እጄ ሳብኩት። አልተነሳም። ዞር ስል ትዕዛዙ ከግድግዳው ሥር ቆሞ ብርቱካን ይልጣል። እውነተኞቹን ጣሳዎች ቀይሮብኛል ለካ። ውባንቺ ጠጋ ብላ፣ "የትናንቱን ምግብ ዛሬ ረሳኸው እንዴ?" አለችኝ።

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። በሰው ስቀልድ ኖሬ ሲቀለድብኝም ደስ ይላል። ሰው ሲበተን ትዕዛዙ ከብርቱካኑ ግማሹን ሰጠኝ። "እውነተኛውን አንድ ቀን ታነሳዋለህ" አለ። ሳይስቅ ነው ያለው። ከዚያ ሁሉ ሰው ይህን ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ኅዳር 9

የሻው መጣ። የመጣው ሊያሾፍብኝ መስሎኝ ስድቤን አዘጋጅቼ ጠበቅሁት።

"ብረት ሰው አይደለም" አለኝ። "ሰው ሲታዘል ይወዛወዛል፣ ያስላል፣ ይስቃል። ጠዋት ጠዋት እኔን እዘለኝ።"

"እኔ ካቃተኝ እኮ የምታዝላት አንተ ነህ።"

"አምስት እህት አለኝ። የነሱ ክስ አይበቃኝም?"

ሩዝ ማስጫው ሜዳ ላይ አዘልኩት። ከመጋዘኑ በር ተነስቼ ግራሩ ጋ ሳልደርስ ተያይዘን ሩዙ ላይ ወደቅን። ባለ ሩዟ ሴትዮ በመጥረጊያ አባረረችን። እየሮጥን ነበር የምንስቀው። እየሮጥኩ... መሳቅ ችያለሁ። መቼ ነው እንዲህ መሆን የጀመርኩት?

ኅዳር 20

ጾም ገብቷል። እንቁላሉ ቀርቶ ምስርና ሽምብራ ነው። ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ አገኘ።

ሰው ግን እማን ማስጨነቅ ጀመረ። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ እያስቆሙ፣ "ማንጠግቦሽ፣ ልጅሽ ምን አግኝቶት ነው የከሳው?" ከሳሁ? ከኩንታል ላይ ትንሽ ሩዝ ስለፈሰሰ ጆንያው ከሳ ይባላል? እማ ግን አመነች። ትናንት ሥራዋን ሁሉ ትታ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰደችኝ።

ፍል ውኃው ውስጥ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ፣ "ሕመምህ ምንድን ነው፣ ልጄ?" አሉኝ።

"ቅጥነት ነው፣ አባቴ።"

ሆዴን አዩት። ደግመው አዩት። አማተቡና ወደ ወዲያኛው ጥግ ሄዱ።

ስንመለስ ለእማ ሁሉንም ነገርኳት። ሚዜውን፣ አያ መንግሥቴን፣ እህት የሚባለውን ነገር። ቤት ስንደርስ፣ "ታዲያ ምስሩን ላብዛልህ?" አለች። ይሄው ነው ያለችው። ከበቂ በላይ ነው።

ታኅሣሥ 8

ከገበያ የጫንኳት አንዲት ሴት፣ "ቀጠንህሳ" ብትለኝ አፌን በላኝ። "ሥራ ይዤ ነው፣ እትዬ። ቁሐር ሚካኤል አንዲት ሙሽራ አለች፣ ሁለት ኩንታል ሩዝ እየተሸከምኩ ለሷ እለማመዳለሁ። እሱም እንዳይበቃ እፈራለሁ" አልኳት። ሴትየዋ አልሳቀችም። ቀልድ የማታውቅ ናት አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ።

"ባለ ሁለት ኩንታሏ ነኝ" አለች። ሰርክ ናት።

"ማን ነገረሽ?"

"የጫንካት አክስቴ ካሳነሽ ናት።"

ይቅርታ ልጠይቅ ቃል ስፈልግ፣ "ግድ የለም፣ በቀኑ እንገናኛለን" ብላ ዘጋችው። ድምጿ ረጋ ያለ ነው። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ታኅሣሥ 29

ገና። አንበሳሜ ሄድን። እኔ፣ ባየህ፣ የሻው። ትዕዛዙም ብየዳ ቤቱን ዘግቶ መጣ። ልጄ ፈተና ላይ ነው ብሎ፣ እኔን ማለቱ ነው።

"ማንን ልዘል፣ አያ?" አልኩ። የሻው ጫማውን ማጥበቅ ጀምሯል።

አያ መንግሥቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሱ። "እኔን።"

ሁሉም ደነገጠ። እኔ ከሁሉም በላይ። ቁጢጥ አልኩ፤ ትዕዛዙ እንዳስተማረኝ ተረከዜን ተክዬ፣ ደረቴን ቀና አድርጌ። አነሳኋቸው። ግቢውን ስዞር ጆሮዬ ሥር ያዝዛሉ። "በድንጋዩ በኩል... እንደ በቅሎ አታንገጫግጨኝ... ቀስ፣ ደርሰናል መሰለህ?" በዱላቸው ጭኔን መታ መታ ያደርጋሉ። ሁለተኛውን ዙር ያዘዙኝ ስለጣማቸው ነው ባይ ነኝ።

ሲወርዱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ወደ ኋላዬ ዞረው ሱሪዬን መረመሩ። ደህና ነው።

"ይሁን" አሉ።

የሻው ከኔ በፊት ዘለለ። ተመስገን።

ጥር 19

ትናንት ተፈጸመ።

ቁሐር ሚካኤል ስንደርስ ቦዩ የለም። የሰርክ አጎቶች ለሙሽራዋ መጓጓዣ እስከ ደጅ ይግባላት ብለው ሳምንቱን ሙሉ ድንጋይና አፈር ሲያፈሱበት ከርመዋል። ባጃጄ በሪባን አጊጣ አጥሩ በር ላይ ቆማለች። ማሳ መሻገር የለ፣ ጭቃ መርገጥ የለ። ከደጃፍ እስከ አጥር በር። ይህን ያህል የለፋሁት ለዚህ ነው? ትዕዛዙን አየሁት። ወደ ሰማይ ያያል።

ሰርክ በካባ ተሸፍና ወጣች። ቁጢጥ አልኩ። ታዘለች። ልነሳ ስል... አይነሳም። ይህ እንዴት ይሆናል? የሻው ከሷ ይቀላል። አያ መንግሥቴ ከነዱላቸው ከሷ ይቀላሉ። ጀርባዬን ደግሞ አንድ ጠንካራ ነገር ይቆረቁረኛል። ጌጥ ነው አልኩ። ሴቶቹ በዘፈን ይሰድቡኛል፣ ደንባቸው ነው። ባየህ ከንፈሩን ነክሷል። እግሯን መሬት ካስነካሁ ለዘላለም የሚነሳው የኔ ስም ነው... ተረከዜን ተከልኩ። ተነሳሁ። እርምጃዬን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ተራመድኩ። አደረስኳት። እግሯ መሬት አልነካም።

ባጃጁ ውስጥ ካባዋን ገለጥ አደረገች። ወገቧ ላይ በመቀነት የታሰረ ድንጋይ። የወፍጮ መጅ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የእማዬ መጅ። ቦዩን ሲደለድሉት አየሁና አሳዘንከኝ። ሁለት ኩንታል የለመደ ሰው ባዶ ጀርባውን አይመለስ ብዬ።"

ፈትታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ሳቁ አላስተነፍስ ብሎኛል። አያ መንግሥቴ መጁን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ።

"እናንተማ የአንድ ማሕፀን ልጆች ናችሁ" አሉ።

ፊቴን ወደ ማሳው አዞርኩ። ላብ ነው ብያለሁ። ላብ ነው።

ጥር 21

እውነቱን ለራሴ ልናገር። ነገሩ ሁሉ ይህን ያህል አልነበረም። ሱሪ ተተረተረ፣ ልብስ ሰፊ አዲሱን አጠበበ። አንዲት ልጅ ከደጃፍ እስከ አጥር በር ታዘለች። ውባንቺ የምትሸጠው ቆሎ እንኳ ተቆርጥሞ ሳያልቅ የሚደረስበት ነው።

ጠዋት ሰርክ ደወለች።

"ወንድምዬ፣ እማዬ መጇን እየፈለገች ናት። እኔ ነኝ የወሰድኩት ማለት አፈርኩ።"

"እና?"

"አንተ ሰረቅኩ በልልኝ።"

ለሦስት ቀን ወንድም ሆኜ ሌባ ልባል ነው። እሺ አልኳት። ባጃጁን ቤታችን ደጅ አቁሜዋለሁ። መጁን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእግሬ ልሂድ። ብዙ አይከብድም።